ደርቡሽ ማነው?

ወጣቶች ሆይ፤ በአንድ የገበያ ቀን በመተማ ዮሐንስ ከሱቅ ደጃፍ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከሱዳን ጦርነት ሸሽቶ የመጣ አንድ ሽማግሌ ቀርቦ ውሃ ለመነ። ፊደል የቆጠረ አንድ ጎረምሳ «ሂድ ከዚህ፣ ደርቡሽ!» አለው። አጠገቡ የነበሩትም ሳቁ። ልጁን ጠርቼ የቃሉን ትርጉም ብጠይቀው «አረመኔ ማለት ነው» ሲል መለሰልኝ።

በልጅነቴ ያስተማሩኝ የሚሲዮን መምህራን፣ ትርጉሙን የማታውቁትን ቃል በሰው ላይ አትወርውሩ ይሉን ነበር። ደርቡሽ ከፋርስ ቋንቋ የመጣ ቃል ነው። ትርጉሙም ድኻ፣ ለማኝ፣ ዓለምን ንቆ በጸሎት የሚኖር ማለት ነው፤ ይኸውም ዐረቡ ፈቂር፣ እኛም መናኝ እንደምንለው ያለ ነው። ቃሉ በቱርኮች በኩል አልፎ እስከ እንግሊዝ አገር ደረሰ። የሱዳኑ ማኅዲ መሐመድ አሕመድ ግን ተከታዮቹ በዚህ ስም እንዳይጠሩ ከልክሎ «አንሷር»፣ ማለት ረዳቶች፣ አሰኛቸው። ደርቡሽ እያሉ መጥራቱን የቀጠሉት ጠላቶቻቸው ናቸው። እንዲህ ሆኖ የድኻ ስም የስድብ ስም ሆነ።

«ታዲያ ታሪካችንን እንርሳ ወይ?» የሚለኝ ይኖራል። አንርሳ! በ1880 ዓ.ም. ጎንደር ተቃጥላለች፤ አብያተ ክርስቲያናቷም ተዘርፈዋል። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚሁ መተማ ላይ ቆስለው ሞተዋል፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወስዷል። ነገር ግን እኒሁ ንጉሥ ከጦርነቱ በፊት ለአንሷሮቹ የጦር አለቃ ለአቡ አንጃ፣ ድኻው በከንቱ እንዳይሞት ሰላም ይሁን ብለው መጻፋቸውንም አንርሳ። በ1970ዎቹ ከጦርነትና ከረኀብ የሸሸው ወገናችን በገዳሪፍ በኩል ሲገባ ያስጠጋው የማን አገር እንደ ነበረም አንርሳ። ግማሹን ብቻ የሚያስታውስ ሰው ቂም ያዘ እንጂ ታሪክ አወቀ አይባልም።

ጥፋቱ የልጁ ብቻ አይደለም። እኔም ብዙ ዘመን ሳስተምር «ደርቡሽ ጎንደርን አቃጠለ» ብዬ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌአለሁ፤ የቃሉን ትርጉም ግን አንድ ቀን እንኳ አላስረዳሁም። መምህር ሳይፈታው ያለፈው ቃል በተማሪው እጅ ድንጋይ ሆኖ ይገኛል።

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በዚህ በር ስንት ሱዳናዊ ሕፃን አዝሎ ገባ! ያቃጠሉን ሞተው አልፈዋል፤ ይህ ሽማግሌ ያኔ አልተወለደም። እንግዲህ ልጁ ሳያውቀው እውነት ተናገረ፤ ሽማግሌው በእርግጥ ደርቡሽ ነበር፣ ማለት ድኻ። ድኻ ከደጅ ሲቆም የሚገባው ውሃ ነው። ያን ቀን ከሱቁ ደጃፍ አረመኔ ከነበረ ግን ውሃ የለመነው አልነበረም።