ከኮሚሲዮን የሚሰጥ ምጽዋትና ሒሳቡ

በአሜሪካን አገር ዕቃን ያለ ሱቅ፣ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ወይም ጎረቤት ጠርቶ መሸጥ የቆየ የንግድ ዘዴ ነው። የፕላስቲክ ዕቃ ሠሪው የተፐርዌር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1951 ሸቀጡን ከመደብሮች አውጥቶ በዚሁ መንገድ ብቻ እንዲሸጥ ማድረጉ ይታወሳል። እንዲህ ያሉ የሽያጭ ወኪሎች አንዳንድ ጊዜ ኮሚሲዮናቸውን ለሕሙማን መርጃ ወይም ለትምህርት ቤት እንደሚሰጡ አስታውቀው ገዢ ይጠራሉ።

አሳቡ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ገዢው የከፈለው ገንዘብ በሙሉ ለችግረኛ የሚደርስ እንዳይመስለው ያስፈልጋል። ለምሳሌ ኮሚሲዮኑ ከመቶ 25 ቢሆን፣ ገዢው ከሚያወጣው 100 ዶላር ለበጎ አድራጎት የሚውለው 25ቱ ብቻ ነው፤ 75ቱ ለኩባንያው ይገባል። ወኪሏ የመጓጓዣና የናሙና ወጪዋን ቀንሳ ብትሰጥ ስጦታው ከዚህም ያንሳል። ኩባንያው ግን ከትርፉ ምንም ሳይጎድልበት ምስጋናውን ይካፈላል።

ስለዚህ ወኪሏ ከሽያጩ በፊት የምትሰጠውን ድርሻ በቁጥር ትግለጥ፤ ገንዘቡን ስታስረክብም ደረሰኝ ተቀብላ ለገዢዎቿ ታሳይ። ኩባንያውም ከትርፉ የበኩሉን ይጨምር። ሱቅ ቢኖረውም ባይኖረውም፣ በምጽዋት ስም የሚሸጥ ነጋዴ ሁሉ ይህን ሒሳብ ማሳየት ይገባዋል። አንድ ጊዜ የተታለለ ገዢ ሁለተኛ ሲለመን እጁን ይሰበስባልና፣ ጉዳቱ ከነጋዴው አልፎ ለችግረኛው ይተርፋል።