ማስታወቂያው የተለጠፈው ለማን ነው?



በዚህ ዕትም ስለ ራሴ ጥፋት ልጽፍላችሁ ነው። ለብቻዬ ይዤው ብቀመጥ ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን አብዛኞቻችሁም በየቀኑ የምታደርጉት ስለሆነ፣ ከተማሪዎቻችንም አንዳንዶቹ ነገ ኮምፒዩተር ተምረው በትልቁ ሊደግሙት ስለሚችሉ መናገሩ ይሻላል ብዬአለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምዝገባው ቀን ከሐሙስ ወደ ማክሰኞ ሲቀየር ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተሰጠኝ። እኔም ወረቀቱን በስልኬ ፎቶ አንሥቼ በወላጆች ዋትስአፕ ላይ ለቀቅሁት። ከሥሩ አንድ ቃል እንኳ አልጻፍኩበትም። ምን ያስፈልጋል? ሁሉም ነገር ወረቀቱ ላይ አለ። ብዙዎቹ ወላጆች የአውራ ጣት ምልክት ላኩልኝ፤ ሥራዬን ጨረስኩ ብዬ ተኛሁ።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ አንድ አባት የሴት ልጃቸውን ትከሻ ይዘው ከባልባላ መጡ። ካምሲን የሚነፍስበት ወር ነበር፤ ጅቡቲ ከተማ የኖረ ሰው ምን እንደሆነ ያውቀዋል። ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ተጣብቋል፤ የልጅቷን ወረቀቶች በፌስታል ጠቅልለው በብብታቸው ይዘዋል። እኚህ አባት ዓይናቸውን ካጡ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። መልእክት የሚነግራቸው ስልካቸው ነው፤ የተጻፈውን ድምፅ አውጥቶ ያነብላቸዋል።

«አባባ፣ ምዝገባው እኮ ማክሰኞ አለቀ፤ ማስታወቂያ ልከን ነበር» አልኳቸው።

«መምህር፣ ስልኬ ‹ፎቶ› ብሎ ዝም አለ። የልጆቹን ፎቶ የላካችሁልን መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር» አሉኝ።

ልጅቷ እስክትመዘገብ ድረስ ሁለት ሳምንት ደጅ ጠናን። እኩዮቿ ሲማሩ እሷ ቤት ቁጭ ብላለች። አባትየው አንድም ቀን አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

ለመሆኑ ስልክ እንዴት ነው የሚያነበው? ብዙ ሰው ስልኩ እንደኛ እያየ የሚያነብ ይመስለዋል። ስልክ ውስጥ ግን ፊደል ማለት ቁጥር ነው። «ሀ» የራሱ ቁጥር አለው፣ «ለ»ም የራሱ። አንባቢው ፕሮግራም ቁጥሩን ተከትሎ ድምፁን ያወጣል። በአንድሮይድ ስልክ ያለው ቶክባክ፣ በአይፎን ያለው ቮይስኦቨር ይባላል። ለኮምፒዩተር ደግሞ ኤንቪዲኤ የሚባል አለ፤ ማይክል ከረንና ጄምስ ቴ የተባሉ ሁለት ዓይነ ስውር አውስትራሊያውያን የሠሩት ሲሆን፣ ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ገንዘብ አይከፈልበትም። አማርኛውን በድምፅ ከሚያወጡት አንዱ ኢስፒክ የተባለው ፕሮግራም ነው። ድምፁ ቆርቆሮ ላይ ጠጠር ሲወርድ ይመስላል። እኚያ አባት ግን ለምደውታል፤ እኔ አንድ ቃል ለመለየት ስታገል እሳቸው መልእክቱን ሰምተው ጨርሰዋል።

የግዕዝ ፊደል ይህን ዓለም አቀፍ ቁጥር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ነው። ከዚያ በፊት በኮምፒዩተር አማርኛ የጻፋችሁ ወላጆች ታስታውሱታላችሁ። እያንዳንዱ የሶፍትዌር ሠሪ ለፊደላችን የየራሱን ቦታ ይሰጥ ነበር። ስክሪኑ ላይ «ሰላም» ተብሎ የሚታየው በማሽኑ ሆድ ውስጥ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅ ነበር። ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ዝብርቁ አፍጥጦ ይወጣል። ዓይን ያለው ሰው ትክክለኛውን ፎንት ሲጭን ይገላገላል፤ ዓይነ ስውሩ ግን ምንጊዜም የሚደርሰው ያ ዝብርቅ ነው። እንግዲህ ፊደላችን ቁጥር ለማግኘት ይህን ያህል ዘመን ከፈጀ በኋላ፣ እኔ ወረቀት ፎቶ አንሥቼ በመላኬ ሁሉንም በአንድ ጣት መልሼ አጠፋሁት። ፎቶ ላይ ፊደል ለዓይን ይታያል እንጂ ለማሽኑ ፊደል የለም። በርግጥ ዛሬ ከፎቶ ላይ ጽሑፍ የሚለቅሙ ፕሮግራሞች አሉ፤ አማርኛም የሚሞክሩ አሉ። ነገር ግን ወረቀቱ ከተጣመመ፣ ጥላ ከወደቀበት ወይም ማኅተሙ በቀኑ ላይ ካረፈ ይሳሳታሉ። የእኛ ማኅተም ደግሞ ሁልጊዜ የሚያርፈው ቀኑ ላይ ነው።

አንድ ሒሳብ ላስላላችሁ፤ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ራሳችሁ አረጋግጡት። አንድ የአማርኛ ፊደል ሲላክ 3 ባይት ይይዛል። 200 ፊደል ያለው ማስታወቂያ እንግዲህ 600 ባይት ነው። የዚያው ማስታወቂያ ፎቶ 2 ሜጋ ባይት ቢሆን ከ3000 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ዓለምን የሚያገናኙ የባሕር ውስጥ ኬብሎች ወደ የብስ የሚወጡት በዚችው ከተማ ዳርቻ ነው፤ እኛ ግን ኢንተርኔት የምንገዛው እንደ ስኳር በጥቂት በጥቂቱ ነው። ስለዚህ ለዓይነ ስውሩ ባታዝኑ እንኳ ለካርዳችሁ እዘኑ።

ተይቦ መላክም ቢሆን ወግ አለው። «ሰላም ናችሁ ወይ» የሚለውን በላቲን ፊደል የሚጽፉ አሉ፤ ማሽኑ በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ አፍ ያነበንበዋል። በአራት ነጥብ ፈንታ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ የሚመቱም አሉ፤ አንባቢው ዓረፍተ ነገሩ ማለቁን ላያውቅ ይችላል። «ት/ቤት» ከማለት «ትምህርት ቤት» ብሎ መጻፍ ለጆሮ ይቀናል። ፊደላችን ራሱም ማሽኑን ያስቸግረዋል፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይምና። «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፣ ሲላላ «ቆይ ጊዜ አለ» ማለት ነው። «ዋና»ም እንዲሁ፤ የትምህርት ቤታችንን ዋና መምህር ማሽኑ አላልቶ ቢጠራቸው ባሕር ዳር ዋና የሚያስተምሩ ይሆናሉ። እሳቸው ይቅር ይሉኛል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ ኮምፒዩተር የምትማሩ ልጆች። ከመካከላችሁ ድረ ገጽ መሥራት የጀመራችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አንዱ ተማሪ የሠራውን የመመዝገቢያ ቅጽ አሳይቶኝ ነበር፤ ያምራል። ቅጹን ለእኚያ አባት ስልክ ሰጠነው። «መጻፊያ ሳጥን፣ መጻፊያ ሳጥን፣ መጻፊያ ሳጥን፣ ቁልፍ» አለና ቆመ። «ስም»፣ «የትውልድ ዘመን» የሚሉት ቃላት ከሳጥኖቹ በላይ በሚያምር ሁኔታ ተቀምጠዋል፤ ከሳጥኖቹ ጋር ግን በኮዱ አልተያያዙም። ዓይን ቅርበታቸውን አይቶ ያገናኛቸዋል፣ ጆሮ ከየት ያመጣዋል? ልጁ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ አስተካከለው። ገጹ በአማርኛ መሆኑን የምትነግር «ኤኤም» የምትባል አጭር ምልክትም ከላይ ጨመረባት፤ ያቺ ከሌለች አንባቢው በየትኛው ቋንቋ አፉን እንደሚከፍት አያውቅም። ፈረንሳይኛና ዐረብኛ የሥራ ቋንቋ በሆነበት አገር ይህች ትንሽ ምልክት ቀላል ነገር አይደለችም።

ሌሎችም እንቅፋቶች አሉ። «በቀይ የተመለከተውን ሙሉ» የሚል ቅጽ ቀለም ለማይለይ ሰው ምንም አይነግረውም። በ10 ደቂቃ ካልጨረስክ ብሎ የሚዘጋ ገጽ እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው አይሆንም፤ ኔትወርኩ ለሚንቀጠቀጥብን ለኛም አይሆንም። ድምፅ ብቻ ያለው ቪዲዮ ከሥሩ ጽሑፍ ከሌለው መስማት ለተሳነው ልጅ ባዶ ነው። ከሁሉም የሚያስገርመኝ ግን «ሰው መሆንህን አረጋግጥ» ብሎ የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ሥዕሎች የሚያስለቅመው ነው። ዓይነ ስውር ሰው መሆኑን በምን ያስመስክር?

ይህን ሁሉ የሚከላከል ደንብ አዲስ ነገር አይደለም። የድረ ገጽ ደረጃ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ድርጅት የመጀመሪያውን መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ በገባበት በዚያው ዓመት። እስከ 2.2 የደረሰው ዕትም በ2023 ወጥቷል። ከዚያ መመሪያ አንዱን ብቻ ልጥቀስ፤ ተራ ጽሑፍ ከመደቡ ጋር ያለው የብርሃን ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ1 ይሁን ይላል። ነጭ መደብ ላይ ፈዛዛ ግራጫ የምትጽፉ ልጆች፣ ስልካችሁን ይዛችሁ በቀትር ፀሐይ መንገድ ላይ ውጡና አንብቡት እስቲ።

አንዳንድ ወላጅ እንዲህ እንደሚለኝ አውቃለሁ፦ «መምህር፣ ውኃና ራሽን ሳይስተካከል ስለ ኮምፒዩተር ቅንጦት ታወራለህ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ዛሬ የራሽኑ ቀን፣ የቀጠሮው ሰዓት፣ የልጁ ምዝገባ የሚነገረው በምንድን ነው? በስልክ ነው። ዱሮ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ዓይነ ስውሩ አጠገቡ የቆመውን ሰው ይጠይቅ ነበር። አሁን ሰሌዳው እያንዳንዱ ኪስ ውስጥ ገብቷል፤ አጠገብ የሚቆም ሰው የለም። ደግሞም ስለ ጥቂት ሰዎች አናወራም። በትራኮማ በዓለም ላይ እጅግ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ የአማራ ክልል ነው፤ ከየቤታችን ዓይኑ የደከመ አያት ወይም አጎት የማያውቅ ማን አለ? ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችም የተጻፈውን በስልክ ቢሰሙ ለማን ይከፋል?

ሕጉም አለ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ጅቡቲ በ2012 የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት አጽድቀዋል። አንቀጽ 9 ኢንተርኔትን በስም ጠርቶ ተደራሽ ይሁን ይላል፤ አንቀጽ 11 ደግሞ በጦርነትና በአደጋ ጊዜ ያሉትን ያስባል፤ ያ እኛን ነው። ትምህርት ለዓይነ ስውር ልጅ ምን ይፈይዳል የሚል ካለም የትነበርሽ ንጉሤን ያስብ። ወሎ ተወልዳ በ5 ዓመቷ ዓይኗን አጣች፤ ሻሸመኔ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምራ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠናች፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበለች። የመመዝገቢያ ቀኗን የሚነግራት ሰው ባታገኝ ኖሮ ይህ ሁሉ የት ይቀር ነበር?

ዝግጅት ክፍሉንም አንድ ነገር ልለምን። ይህች መጽሔታችን ለስልክ የምትላከው ገጿ ፎቶ ተነሥቶ ነው። እባካችሁ ከሚቀጥለው ዕትም ጀምሮ የተተየበውን ጽሑፍ አብራችሁ ላኩ። እኔም ይህን ጽሑፍ ተይቤ ነው የሰጠኋችሁ፤ ሰበብ የላችሁም።

እኚያ አባት ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት ትምህርት ቤት መጥተው ስልካቸውን እንዴት እንደሚጠቀሙበት ሊያሳዩን ፈቅደዋል። ድረ ገጽ የምትሠሩ ሥራችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ይፈትኑላችኋል። ወላጆችም ብትመጡ ደስ ይለናል። ቶክባክን በየቤታችሁ ቀድማችሁ ለመሞከር ከፈለጋችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ አንዴ ሲነኩት ያነባል፣ የሚከፍተው ሁለቴ ሲነኩት ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ከፍቼው ማጥፋቱ አቅቶኝ ግማሽ ቀን ስልኬ ሲጮህብኝ ዋለ፤ በመጨረሻ ያጠፋችልኝ ያቺው ያልተመዘገበችው ልጅ ናት። ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ፣ መብራቱ አይታመንም።