ናሙናው ሳይመረመር ጭነት አይታዘዝ

ደላላ የእህል ናሙና በእጁ ይዞ ሲመጣ ልምድ ያለው ነጋዴ ወደ ዋጋ ከመሄዱ በፊት ጭነቱ ከናሙናው ጋር አንድ መሆኑን ያጣራል። «የስኳር መድኃኒት» ተብሎ በላስቲክ የታሸገ የቅጠል ዱቄት ሲቀርብለት ግን ይህን ጥንቃቄ መርሳት የለበትም።

ከጊንጪ እስከ አምቦ፣ ጉደርና ጌዶ ባለው የምዕራብ ሸዋ ምድር ሀብቱ አለ። አብሽ የታወቀ የገበያ ዕቃ ነው። ኦሮምኛ ተናጋሪው «ኤቢቻ» የሚለው ግራዋም ከጓሮ አይጠፋም። በ2007 እ.ኤ.አ. ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቀረበ ጥናትም በኤጃጂ አካባቢ ሕዝቡ የሚጠቀምባቸውን የመድኃኒት ዕፅዋት መዝግቧል። ታዲያ ገንዘቡን በዚህ ላይ ሊያውል ያሰበ ባለሀብት «ተመርምሯል» የሚለውን ቃል ሲሰማ የቱ ምርመራ እንደሆነ ይጠይቅ።

የመጀመሪያው ምርመራ ቀላልና ርካሽ ነው። ቅጠሉ ደርቆና ተፈጭቶ በውኃ ወይም በአልኮል ይዘፈዘፋል። ከዚያም በጭማቂው ውስጥ ታኒን፣ ሳፖኒን፣ አልካሎይድና ፍላቮኖይድ መኖር አለመኖራቸው በቀለም ለውጥና በመሳሰለው ምልክት ይለያል። ነገር ግን እነዚህ በብዙ ዕፅዋት ውስጥ ስለሚገኙ መኖራቸው ብቻ መድኃኒትነትን አያረጋግጥም። ሁለተኛው ምርመራ ጭማቂውን የስኳር በሽታ እንዲይዛቸው ለተደረጉ አይጦች እየሰጡ ግሊቤንክላሚድ ከተባለው ክኒን ጋር ማነጻጸር ነው። ግራዋ በዚህ ዓይነት ሙከራ የደም ስኳር መቀነሱን ያሳዩ ጥናቶች ታትመዋል። አብሽ ደግሞ በሰው ላይ በተደረጉ አንዳንድ አነስተኛ ጥናቶች ተስፋ ሰጥቷል። ሆኖም በአይጥ ላይ የተገኘ ውጤት ገና ናሙና ነው። መጠኑ፣ መርዛማነቱና ከሐኪም ክኒን ጋር ሲወሰድ የሚያመጣው ነገር መታወቅ አለበት።

የሜትፎርሚን ታሪክ መንገዱን ያሳያል። ጋሌጋ በተባለው የአውሮፓ ተክል ውስጥ የተገኘው ውህድ የደም ስኳር ቢቀንስም መርዛማ ነበር። ያንኑ ፈለግ ተከትሎ በላቦራቶሪ የተሠራውን ሜትፎርሚን ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን ለስኳር ሕሙማን ሰጥቶ ውጤቱን በ1957 እ.ኤ.አ. አሳተመ። አሜሪካ የፈቀደችው በ1994 ነው። ዓለም የገዛውም ቅጠሉን ሳይሆን ተለይቶ የታወቀውንና መጠኑ የተወሰነለትን መድኃኒት ነው።

የችኮላ ዋጋው ከባድ ነው። ዱቄቱን አምኖ ኢንሱሊን ያቆመ ሕመምተኛ ሊሞት ይችላል። ያን ጊዜ ስሙ የሚጠፋው የአንድ ሻጭ ብቻ ሳይሆን አብሹንና ግራዋውን በሐቅ የሚሸጠው ሁሉ ነው።

በእኛ አስተያየት ነጋዴው አብሹን በቅመምነቱ፣ ንጹሕ አድርጎና በደረጃ ለይቶ ይሽጥ፤ የበሽታ ስም አይለጥፍበት። ከዚያ በላይ የሚያስብ ባለሀብት ከማሸጊያው በፊት ለምርመራው ይክፈል። አምቦ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ከተማው ውስጥ ነው። የዕፅዋቱን የዘረመል ሀብትና የሕዝቡን ዕውቀት ለመድኃኒት ልማት ለመጠቀም ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ፈቃድ ማውጣትና ጥቅሙን ከባለቤቱ ማኅበረሰብ ጋር መጋራት ግዴታ ነው።

አምቦ የተፈጥሮ ሀብትን መሸጥ አዲስ አይደለችም። የአምቦ ውኃ ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲታሸግ የኖረ ነው፤ ገዢውም በጠርሙሱ ላይ የማዕድናቱን ዝርዝር ያነባል። የቅጠል ዱቄት የሚቀርብለት ነጋዴም ይህንኑ ዝርዝር ከሻጩ ይጠይቅ።