የእናት ሣጥን ውስጥ ያለው ጠገራ ብር

ሰሞኑን ከመሐል ሜዳ አንዲት እናት ደውለው ምክር ጠየቁኝ። በእናታቸው ሣጥን ውስጥ አምስት ጠገራ ብር አለ። ልጆቻቸው «እንሽጠው» ይላሉ። የመጣው ገዥ ደግሞ «1780 ተጽፎበታል፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ነው» ብሎ ካደነቀ በኋላ ሚዛን አውጥቶ በግራም ሊገዛ ተነሣ። ጥያቄው የብዙዎቻችን ቤት ጥያቄ ስለሆነ እዚህ ልመልስ።

ይህ ጠገራ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ እኛ «ማርትሬዛ» የምንለው ነው። ንግሥቲቱ ያረፉት በ1780 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላ በተመታውም ሁሉ ላይ ያው ቁጥር ይጻፋል። ስለዚህ ቁጥሩ የብሩን ዕድሜ አይነግረንም። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን፣ ከሺው 833 እጅ ንጹሕ ብር ነው።

በጦርነቱ ዘመን የሆነውን ደግሞ ስሙ። ገበሬያችን የወረቀት ገንዘብ አያምንም ነበርና፣ ሙሶሊኒ አገራችንን ለመውረር ሲዘጋጅ በ1935 እ.ኤ.አ. የማርትሬዛን ማተሚያ ቅርጽ ከኦስትሪያ አስፈቅዶ ሮም ላይ ያስመታ ጀመር። እንግሊዞችም በ1936 ለንደን፣ በኋላም በ1940 እና 1941 ቦምቤይ ላይ መቱ። ሁሉም ላይ ግን የተጻፈው 1780 ነው። የእናትዎ ብር የአያት ቅድመ አያት ሊሆን ይችላል፤ ወራሪው ለስንቅና ለሎሌ የከፈለውም ሊሆን ይችላል።

ከነፃነት በኋላ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጣ። ሽልንግ የምንለው 50 ሳንቲም ከእውነተኛ ብር የተሠራ ነበር፤ ብሩን የሰጠችው አሜሪካ ናት። ስሙኒው መጀመሪያ ክብ ነበር። አታላዮች በብር እየለበጡ ለሽልንግ ሲያሳልፉት ጊዜ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል ተከረከመ። ሣጥኑ ውስጥ እንዲህ ያለ ካገኙ፣ 1936ን በግእዝ ቁጥር ይፈልጉበት።

በገጠር ጤና ጣቢያ ስሠራ ካርድ ላይ ዕድሜ መሙላት ግድ ነበር። አሮጊቶች ዓመተ ምሕረት አይነግሩኝም፤ «ጣሊያን ገብቶ ሳለ እንትን አድርጌ ነበር» ይሉኛል። አንገታቸው ላይ በክር ያሰሩትን ማርትሬዛ ስጠይቅ ግን ታሪኩ ይፈስሳል። አንዷ «ለጥሎሽ የመጣ ነው» አሉኝ፤ ሌላዋ «አባቴ ባና ሸጦ ያመጣው»። ብሮቹ ላልለመደ ዓይን አንድ ይመስላሉ። ታሪካቸውን የሚለያየው የባለቤቱ አንደበት ነው።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። አንደኛ፣ በአመድ፣ በአሸዋም ሆነ በሎሚ አትፈትጉት። የተፈተገ ሳንቲም ሰብሳቢ ዘንድ ዋጋው ይወርዳል። ሁለተኛ፣ አንጥረኛ ዘንድ ከመቅለጡ በፊት ሁሉንም በሁለቱም ገጽ ፎቶ አንሱ። ሦስተኛ፣ ለመሸጥ የተቸገረ ሰው ቢያንስ ሁለት ሦስት ገዥ ይጠይቅ፤ በአንድ ሚዛን አይቸኩል። ችግር ነውርና ኃጢአት አይደለም፤ ለሕክምና ወይም ለትምህርት የተሸጠ ብር ሥራውን ሠርቷል።

ከሁሉ በፊት ግን እናትዎን ዛሬ ይጠይቋቸው። ብሩ ከማን እጅ መጣ? በምን ተከፈለ? ለማንስ ሊሰጥ ታስቧል? የልጅ ልጅ በስልኩ ድምፃቸውን ይቅዳ፤ በወረቀትም ይጻፍና ከብሩ ጋር በአንድ ጨርቅ ይታሰር። ብር ሣጥን ውስጥ መቶ ዓመት ይቆያል፤ የእናት ትዝታ ግን እንዲህ አይቆይም።