ከግድግዳ የተሰቀለው ኮርቻ

ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በምትገኘው ጎባ፣ ብርድ ሸሽቶ ሻይ ቤት ለገባ መንገደኛ ግድግዳ ላይ ኮርቻ፣ ጮጮና የቀንድ ዋንጫ ሰቅሎ “ጥንታዊ ዕቃ” ማለት ባህልን ማክበር ይመስላል። አይደለም! ከደጁ ውጭ የባሌ ገበሬ ዛሬም በፈረስ ገበያ ይወጣል፤ እናቶች ጮጮውን አጥነው ወተት ያኖሩበታል። በሕይወት ያለውን የሰፊውን ሕዝብ ባህል ያለዕድሜው መገነዝ ምን ይሉታል?

ዕቃው በእርግጥ ቅርስ ከሆነም፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ባለይዞታው እንዲያስመዘግበው ያዛል። ሻዩ መጣፈጡ ሌላ ጉዳይ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ፓርኩን ሊያይ የመጣ እንግዳ ስለ ጮጮው ሲጠይቅ፣ አስተናጋጁ መልሱን ከገበያተኛዋ እናት አስቀድሞ ይማር።