የጠጅ እርሾና ሆግ1

ለጠጅ በተበጠበጠ ብርዝ ውስጥ የገባች የእርሾ ሕዋስ ወዲያው አደጋ ላይ ትወድቃለች፤ በዙሪያዋ ያለው ስኳር ውሃዋን ከውስጧ ይስበዋል። የሚታደጋት ሆግ1 የተባለው ጂን ነው።

የጂኑ ፕሮቲን በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ኒውክሊየስ ገብቶ ግሊሰሮል የሚያሠሩ ጂኖችን ያነቃል። ግሊሰሮሉ ሲጠራቀም ውሃው ይመለሳል። ጂኑ የጎደላት እርሾ ግን፣ እንደ ስኳሩ ውሃ የሚስብ ጨው በበዛበት ማደግ ይሳናታል።

የሆግ1 ግኝት እ.ኤ.አ. በ1993 ሲታተም የእርሾ ጉዳይ ብቻ ይመስል ነበር። በዓመቱ ዘመዱ ፒ38 በአጥቢ እንስሳት ሕዋሳት ውስጥ ተገኘ፤ የሰው ሰውነት ሲቆጣ ትልቅ ድርሻ ያለው ይኸው ፕሮቲን ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን መሠረታዊ ምርምር «ለምን ይጠቅማል?» ብሎ በጀት መንፈግ ትልቅ ስህተት ነው።

የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች በየጠጅ ቤቱ ጋን የሚኖሩትን እርሾዎች ሳይጠፉ ሰብስበው ያኑሩ፤ ጂኖቻቸውንም ይመርምሩ።