ቆዳው እንጨት፣ ሆዱ ነሐስ

በቶርኖ የተሠራ የእንጨት እስክሪብቶ በስጦታ የደረሰው ሰው ገና አንድ ቃል ሳይጽፍበት እንጨቱን በአውራ ጣቱ ያሻሸዋል። ከዚያ “ምን እንጨት ነው?” ብሎ ይጠይቃል። ሠሪውም ወይራ ነው፣ የቡና ግንድ ነው እያለ በኩራት ያስረዳል። ደፍሮ የማይናገረው ግን አንድ ነገር አለ። በጣም በተለመደው ቀጭን ዓይነት እስክሪብቶ ላይ ያ የተደነቀው እንጨት ጫፉ አካባቢ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከሥሩ ያለው 7 ሚሊ ሜትር የሚወፍር የነሐስ ቱቦ ነው። ማንጠልጠያው፣ ሹል ጫፉ፣ ቀሰሙን ብቅ ጥልቅ የሚያደርገው መጠምዘዣ፣ ሁሉም ከፋብሪካ ተገዝቶ የመጣ ብረት ነው።

ታዲያ “በእጅ የተሠራ” መባል ይገባዋል? ይገባዋል። ነገር ግን የእጅ ሥራው የቱ ጋ እንደሆነ ሳይለዩ የሚጀምሩ ሰዎች ገንዘባቸውን ያለ ቦታው ያፈሳሉ። ሙያውን ለጀማሪ የሚያስተዋውቁትም ይህን ከመናገር ይልቅ ስለ ማሽኑ ፈረስ ጉልበትና ስለ ብረቱ ወርቃማ ቅብ ማውራት ይቀናቸዋል።

ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅ የተሠራ ብዕር ማየት የሚፈልግ ሰው የብራና ጸሐፊ ዘንድ ይሂድ። ቁም ጸሐፊው መቃውን ራሱ መርጦ ይቆርጣል፣ ጫፉን በቢላ አሹሎ መሃሉን ይሰነጥቃል፣ ቀለሙን ራሱ ይበጠብጣል፤ ብዕሩ ሲደንዝ እዚያው እንደ ተቀመጠ መልሶ ይቀርጸዋል። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ሐመረ ብርሃን ባሉ ተቋማት ይህ ሙያ ዛሬም በሥራ ላይ ነው። የቶርኖው ሰው ከእነዚህ ጸሐፍት ጎን ሲቆም ትንሽ አንገቱን ቢደፋ አያንስበትም።

የሚጽፈው ክፍል ከሰው እጅ ከወጣ ቆይቷል። ሃንጋሪያዊው ጋዜጠኛ ላዝሎ ቢሮ ከወንድሙ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1938 የባለ ኳስ እስክሪብቶ የፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ ማርሴል ቢክ ደግሞ በ1950 ዛሬ በየተማሪው ኪስ ያለውን ግልጽ ቢክ ለገበያ አቀረበ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2006 መቶ ቢሊዮንኛውን መሸጡን አስታውቋል። ጫፉ ላይ የምትሽከረከረውን ደቃቅ ኳስ በጓሮ ወርክሾፕ የሚሠራ የለም። እንግዲህ እስክሪብቶ ቀራጩ ልብስ ሰፊ ነው ቢባል ያስኬዳል። ገላውን አልፈጠረም፤ ቀሚሱን ግን በልኩ ይሰፋለታል። ልብስ ሰፊ ደግሞ የሚመዘነው በስፌቱ ነው።

ስፌቱ የሚጀመረው ከቶርኖው በፊት፣ መሰርሰሪያው ላይ ነው። 13 ሴንቲ ሜትር የሚረዝምና በየጎኑ 2 ሴንቲ ሜትር ግድም የሆነ ጉማጅ ለሁለት ይቆረጣል። ከመቆረጡ በፊት ጎኑ ላይ በእርሳስ መስመር ይሰመርበታል፤ አለዚያ ሲገጣጠም የላይኛውና የታችኛው ክፍል የእንጨት ጅማት ሳይገናኝ ይቀራል። ቀዳዳው የሚበሳው በ7 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ቀስ እያሉ፣ በየጣልቃው ብረቱን እያወጡ ሰጋቱራውን በማራገፍ ነው። የቸኮለ ሰው ብረቱ ይግልበታል። የጋለ ብረት ደረቅ እንጨት ይሰነጥቃል፣ በወዲያኛው በኩል ሲወጣም ጠርዙን ገንጥሎ ይሄዳል። ልምድ ያላቸው አንድ ዘዴ አላቸው፤ ጉማጁን ትንሽ አስረዝመው ይቆርጡና መሰርሰሪያው ሊያልፍ ጥቂት ሲቀረው ያቆማሉ። የተረፈውን ጫፍ በመጋዝ ሲያነሱት ቀዳዳው ንጹሕ ሆኖ ይከፈታል።

ከዚያ ቱቦው ይገባል። ነሐሱ በብርጭቆ ወረቀት ካልሻከረ ሙጫ አይዘውም። ሱፐር ግሉ ቶሎ ይይዛል፤ ቱቦው ግማሽ መንገድ ላይ ደርቆ አልገባም አልወጣም ያለበት ሰው ግን ይህን ፍጥነት አያደንቀውም። ለጀማሪ ከሁለት ጠርሙስ ተቀላቅሎ የሚሠራው ኢፖክሲ ታጋሽ ነው። ሙጫው ሲደርቅ የጉማጁ ጫፍ ነሐሱ ብልጭ እስኪል ድረስ ይስተካከላል። ብልጭ ሲል እጅን መሰብሰብ ነው። ነሐሱ ራሱ ከተበላ ቱቦው ያጥራል፤ ቱቦው ሲያጥር መጠምዘዣው ቢዞርም ቀሰሙ ወደ ውስጥ አልሰበሰብ ብሎ እንደ ወጣ ይቀራል፣ የሸሚዝ ኪስም ያበላሻል። እስከዚህ ድረስ ቶርኖው አልተነሳም። የእስክሪብቶው ዕጣ ግን ከሞላ ጎደል ተወስኗል።

ቶርኖው ላይ ሁለቱ ጉማጆች በቀጭን ዘንግ ይሰካሉ፣ በየጫፋቸውም የብረት መለኪያ ቀለበት ይገባላቸዋል። እንጨቱ ከቀለበቱ ጋር እኩል እስኪሆን በመሮ ይላጣል። እዚህ የሚሠራው የታወቀ ስህተት ጉማጆቹ እንዳይንሸራተቱ ተብሎ የዘንጉን ብሎን ከልክ በላይ ማጥበቅ ነው። ቀጭኑ ዘንግ ይጎብጣል፤ እስክሪብቶው በአንድ ጎኑ ወፍሮ በሌላው ሳስቶ ይወጣል። ሠሪውም ማሽኑን ይረግማል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። አዲስ ጀማሪ በጀቱን ማሽን ላይ ይጨርስና ለመሮ መሳያ የሚተርፈው የለም። መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው። ደነዝ መሮ እንጨት አይቆርጥም፣ ይነጫል። የተነጨውን ለማቃናት ሰውየው ወደ ብርጭቆ ወረቀት ይሮጣል፤ ወረቀቱ ደግሞ ጠንካራውን ጅማት ትቶ ለስላሳውን ይበላል፣ እስክሪብቶውን ያግለዋል፣ ቤቱን በብናኝ ይሞላል። ስል መሮ ከሆነ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ጥቅልል ያወርዳል፤ ወረቀቱ የሚፈለገው ለማሳመር ብቻ ነው። ስለታቸው የሚቀየር የካርባይድ መሮዎች መሳልን ያስቀራሉ የሚሉ አሉ። አይዋሹም። ግን ስለቱ ባለቀ ቁጥር ከውጭ የሚመጣ ዕቃ መጠበቅ አለ፤ ይህ ደግሞ የመለዋወጫን ነገር ለሚያውቅ አንባቢ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የመጨረሻው ሽፋን ሰም ወይም ሱፐር ግሉ ነው። ሰሙ ሲነካ ደስ ይላል፣ የእጅ ላብ ግን ቶሎ ያነሳዋል። ሱፐር ግሉ በስሱ ተደጋግሞ ሲቀባ እንደ መስታወት ያበራል፣ ይቆያልም። የሚቀባው በሶፍት እንጂ በጨርቅ አይደለም። ጥጥ ከዚህ ሙጫ ጋር ሲገናኝ በኃይል ይግላል፤ በዚያ ላይ የሚሽከረከረው ዕቃ ሶፍትን ቢይዝ ይቀድዳል፣ ጨርቅን ቢይዝ ጣትን አስከትሎ ይሄዳል። በዚሁ ምክንያት ነጠላ፣ ሰፊ እጅጌ፣ የተለቀቀ ጸጉር፣ የጣት ቀለበትና የተንጠለጠለ ማተብ ከቶርኖ ፊት ቦታ የላቸውም። የፊት መከላከያና የብናኝ ጭምብልም የቅንጦት ዕቃ አይደለም፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን እ.ኤ.አ. በ1995 በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች ተርታ መድቦታል።

ሙያው በሰፊው የሚሠራበት አገር አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የተቋቋመው የእንጨት ቶርኖ ባለሙያዎች ማኅበር መቀመጫው ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ነው፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት አካባቢ ማለት ነው። ማኅበሩ በየከተማው ቅርንጫፍ ስላለው እዚያ ያለ ጀማሪ ማሽን ከመግዛቱ በፊት በሰው ማሽን እጁን ማሟሸት ይችላል። አዲስ አበባ ላይስ? በየሰፈሩ ያሉት ቶርኖ ቤቶች ለብረት የተሠሩ ናቸው፤ ለእስክሪብቶ ግን የብረት ቶርኖም ይሆናል፣ እንዲያውም ቀጥ አድርጎ ለመሰርሰር የተሻለ ነው። ባለቤቱ ፊቱን ቢያጠቁር ግን አይፈረድበትም። የእንጨት ብናኝ የማሽኑን ዘይት ይመጥና ዝገት ያስከትላል። ማሽኑን ሸፍኖ ሠርቶ፣ ጠርጎና ዘይት ቀብቶ መሄድ የጀማሪው ዕዳ ነው። በዚህ ጸሐፊ ግምት ማሽን ለማስመጣት ከመባዘን ይልቅ ከአንድ ቶርኖ ቤት ጋር መወዳጀት ያዋጣል። ከውጭ የሚመጣው የእስክሪብቶው ብረት ብቻ ይሁን፣ እሱም አሥር ዓይነት ሳይሆን የአንድ ዓይነት አሥር ፍሬ። አንዱን ልክ አሥር ጊዜ የደጋገመ እጅ ይለምዳል።

እንጨቱ ችግር አይደለም። ችግር እንዲሆን የሚያደርገው ሰው ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር፤ ጥቁር እንጨት የሚባለው ዛፍም ዓለም አቀፍ የንግድ ቁጥጥር አለበት። ለእስክሪብቶ ተብሎ ዛፍ የሚጥል ሰው ነውረኛ ነው። አንድ የአናጺ ቤት በሳምንት የሚጥለው ቁርጥራጭ ለጀማሪ ዓመት ይበቃዋል። ቤተልሔም ውስጥ ወይራ ሲገረዝ የሚወርደው ቅርንጫፍ ተሰብስቦ ለቅርጻ ቅርጽ ይውላል፤ ከዚያው የተቆረጠ የእስክሪብቶ ጉማጅም የቅድስት አገር እንጨት ተብሎ ባሕር ማዶ ይሸጣል። የእኛው ወይራ የዚያው ዝርያ ወገን ነው። እኛ ዘንድ ግን የሚታወቀው የጠላ ጋንና የወተት ዕቃ በማጠን ነው።

ቡናም አለ። ያረጀ ቡና ምርቱ ሲቀንስ ገበሬው ከሥሩ ከፍ አድርጎ ይጎነድለዋል፤ ጉቶው አዲስ ቀንበጥ ያወጣል፣ የተቆረጠው ግንድ ማገዶ ይሆናል። እንጨቱ ጠንካራና ጥቅጥቅ ያለ፣ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ነው፤ ውፍረቱም ለሌላ ዕቃ ቢያንስ ለእስክሪብቶ ይበቃል። እርጥቡን መሥራት ግን አይቻልም፤ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ነሐሱ አብሮት አይኮማተርም፣ ስሱ እንጨትም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ግንዱ በአጭር በአጭሩ ተቆርጦ፣ ሁለቱ ጫፎቹ በቀለጠ ሻማ ተነክረው፣ የተቆረጠበት ቀን በእርሳስ ተጽፎበት፣ ጥላ ሥር ለወራት ይቀመጣል።